የሕንድ ምስሎች ሰብሳቢዎችና የባለቤትነት ነገር

ለአምልኮ የተሠራ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ለሚሰግድለት ሕዝብ ያለው ዋጋ ነው፤ ሁለተኛውም የእጁን ጥበብ አይቶ ለሚያደንቅ እንግዳ ያለው ዋጋ ነው። ዕቃው በስፍራው ሳለ ሁለቱ አይጣሉም። ከስፍራው የተነቀለ እንደ ሆነ ግን ሁለተኛው ዋጋ እየበዛ ሲሄድ ፊተኛው ይጠፋል። ይህም ነገር የሕንድንና የቡድሃን ሃይማኖት ጥንታዊ ምስሎች ሲሰበስቡ በኖሩት ሰዎች ታሪክ በግልጥ ይታያል። (ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል አገር፣ ከ9ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የቾላ ነገሥታት ታላላቅ መቅደሶችን በድንጋይ አሠሩ፤ ለበዓል ቀን የሚወጡትንም ምስሎች በነሐስ አስፈሰሱ። በመቅደሱ ውስጥ ያለው የድንጋዩ ከስፍራው አይነቃነቅም፤ የነሐሱን ግን ሐር አልብሰውና አበባ ደርበው፣ በመሸከሚያ እንጨት አንሥተው በመንደሩ መንገድ ያዞሩታል። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ ምስሉን በሰም ይሠራል፤ ሰሙንም በጭቃ ይለብጠዋል። በእሳት ባጋለው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል። ነሐሱ ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ ስለዚህ ከአንድ ጭቃ ሁለት ምስል አይወጣም። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከአንጥረኛ ቤት እንደ ወጣ ያስታውሳል።

ከነዚህ ምስሎች ሁሉ ዝነኛው ናታራጃ የሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም የጭፈራ ንጉሥ ማለት ነው። ሺቫ የሚሉት አምላካቸው በእሳት ክበብ መካከል ቆሞ፣ አራት እጆቹን ዘርግቶ፣ የድንቍርና ምሳሌ የሆነውን ድንክ ረግጦ ሲጨፍር ያሳያል። ምስሉ ከአንጥረኛው እጅ ሲወጣ ገና ዕቃ ነው። ካህናቱ ዓይን የመክፈትን ሥርዐት ከፈጸሙለት በኋላ ግን እንደ ሕያው ጌታ ያጥቡታል፤ ያለብሱታል፤ ምግብም ያቀርቡለታል።

በ1311 የዴልሂ ሱልጣን የጦር አለቃ ማሊክ ካፉር እስከ ማዱራይ ድረስ ዘመተ። በዚህና ይህን በመሰለ ጭንቅ ጊዜ ካህናቱ ምስሎቻቸውን ከመቅደሱ አጠገብ በጕድጓድ ይሸሽጉ ነበር። ቀባሪዎቹ ሲሞቱ ግን ስፍራው ተረሳ። በኋለኛው ዘመን የገበሬ ማረሻና የሠራተኛ አካፋ የሚያገኛቸው ብዙ ነሐሶች እንዲህ የተቀበሩት ናቸው።

ከአውሮፓውያን ሰብሳቢዎች መካከል ቀደም ካሉት አንዱ ቻርልስ ስቱዋርት የተባለ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መኰንን ነው። የሕንዶችን ልማድ እጅግ ስለ ወደደ የአገሩ ሰዎች ሂንዱ ስቱዋርት ይሉት ነበር። በ1828 በካልካታ ሞተ፤ ከሰበሰባቸውም ምስሎች ብዙዎቹ በ1872 ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ፈረንሳዊው ኤሚል ጊሜም በ1876 ወደ ጃፓን ተጓዘ። በዚያ አገር መንግሥት በ1868 የቡድሃን ሃይማኖት ከሺንቶ አምልኮ እንዲለይ ስላዘዘ ብዙ የቡድሃ ገዳማት ፈርሰው ነበር፤ ምስሎቻቸውም በርካሽ ይሸጡ ነበር። ጊሜ የሰበሰበውን ይዞ ተመለሰ፤ በፓሪስም በ1889 በስሙ የሚጠራውን ሙዚየም ከፈተ። ጃፓንም የጥንት ገዳማቷን ሀብት የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ1897 ነው።

ከነዚህ ሰዎች ሥራ የተገኘው ጥቅም ሊካድ አይገባም። አስቀድሞ ብዙ አውሮፓውያን የሕንድን ምስሎች ብዙ እጅ ያላቸው አስፈሪ ፍጥረቶች እያሉ ይንቋቸው ነበር። ነገር ግን በ1913 ታላቁ ፈረንሳዊ ቀራጺ ሮዳን በማድራስ የሚገኘውን ናታራጃ በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ የውዳሴ ጽሑፍ ጻፈለት። ከሲሎን አባት የተወለደው አናንዳ ኩማራስዋሚም ከ1917 ጀምሮ በቦስተን ሙዚየም የሕንድን ክፍል ጠብቆ፣ ምስሎቹ የሚናገሩትን ምሥጢር ለምዕራባውያን ተረጐመ። ዳሩ ግን ፍቅር ሲበዛ ዋጋ ይወደዳል፤ ዋጋ ሲወደድም ሌባ ይነሣል።

በ1951 በታንጆር አውራጃ፣ በሲቫፑራም መንደር፣ አንድ ናታራጃ ከሌሎች ነሐሶች ጋር ከመሬት ወጣ፤ ለመንደሩም መቅደስ ተሰጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ይታደሱ ተብለው ወደ ኩምባኮናም አንጥረኞች ተላኩ። በዚያም አስመስለው ሌሎችን ሠሩና የተሠሩትን ለመቅደሱ መለሱ፤ እውነተኞቹን ግን ለነጋዴ አሳለፉ። የመንደሩም ሰው ሳያውቅ ለምትኩ ሲሰግድ ኖረ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሊቅ ዳግላስ ባሬት በ1965 ስለ ቾላ ነሐሶች ባሳተመው መጽሐፍ በመቅደሱ ያለው ምትክ መሆኑን ገለጠ። እውነተኛውንም ናታራጃ አሜሪካዊው ባለጸጋ ኖርተን ሳይመን በ1973 በ900,000 ዶላር ገዛው። የሕንድ መንግሥት ከሰሰ፤ በ1976 ግን በዕርቅ ተጨረሰ። ሳይመን ምስሉን ለ10 ዓመት እንዲያሳይ ተፈቀደለት፤ በ1986ም ወደ ሕንድ ተመለሰ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የፓቱር ነገር ነው። በ1976 መሬት የሌለው አንድ ድኻ ሠራተኛ ከፈረሰ መቅደስ አጠገብ ሲቈፍር ነሐሶች አገኘ፤ አንዱንም ናታራጃ በጥቂት ገንዘብ ሸጠው። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሎንዶን ደረሰ፤ በ1982ም አንድ የካናዳ ኩባንያ ገዛው። ሊጠገን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም በተላከ ጊዜ የእንግሊዝ ፖሊስ ያዘው። ይህም ቤት በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት የገቡበት ቤት ነው።

በሎንዶን ችሎት ከሕንድ መንግሥት ጋር ራሱ መቅደሱ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። በሕንድ ሕግ መቅደስ እንደ ሰው ንብረት ይይዛል፤ በነገረ ፈጅም ይከሳል፤ ይከሰሳልም። የኩባንያው ጠበቆች የፈረሰ ቤት በእንግሊዝ ዳኛ ፊት ሊሟገት አይችልም ብለው ተከራከሩ። ሊቃውንቱም ያንን ናታራጃ በፓቱር ከቀሩት ነሐሶች ጋር አስተያዩት፤ አሠራሩን ብቻ ሳይሆን የተጋገረበትን አፈርና የምስጥ ፍለጋ እንኳ መረመሩ። ዳኛው በ1988 ለመቅደሱ ፈረደ። ኩባንያው ይግባኝ ቢል በ1991 የይግባኙ ችሎት ፍርዱን አጸናው፤ ምስሉም በዚያው ዓመት ወደ ሕንድ ተመለሰ።

ክርስቲያን አንባቢ ከዚህ ፍርድ የሚማረው አለ። የሕንዶች አምልኮ ከክርስትና የራቀ መሆኑ ግልጥ ነው፤ ነገር ግን አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ የተሰረቀው ሰው ሃይማኖት ምንድር ነው ብሎ አይጠይቅም። የሎንዶን ዳኞች ለሺቫ አልሰገዱም፤ የመረመሩት ዕቃው የማን እንደ ሆነ ብቻ ነው። ለእንግዳ ሃይማኖት መቅደስ ፍርድ የነፈገ ሰው ነገ ስለ ገዛ መቅደሱ ፍርድ ሊጠይቅ በምን አፉ ይናገራል?

ሰብሳቢዎች ዘወትር የሚያቀርቡት መልስ፦ እኛ ባናነሣው ይጠፋ ነበር፤ የሚል ነው። በጃፓን በ1868 ለሆነው ይህ መልስ ጥቂት እውነት አለው። በካምቦድያ ግን ነገሩ ተገላበጠ። በኮ ኬር፣ በፕራሳት ቼን መቅደስ የነበረው የ10ኛው መቶ ዓመት የዱርዮዳና የድንጋይ ሐውልት በ1970ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከቍርጭምጭሚቱ ተቈርጦ ተወሰደ፤ በ1975ም ሎንዶን ላይ ተሸጠ። እግሮቹ ከነመሠረታቸው በዱር ቀሩ። በ2011 በኒው ዮርክ ለጨረታ ሲቀርብ ምስክር የሆኑበት እነዚያ እግሮች ናቸው፤ በ2014ም ወደ አገሩ ገባ። እንዲህ ያለውን ሐውልት የቈረጠው ገዢ መኖሩ እንጂ ጠባቂ ማጣቱ ብቻ አይደለም።

ለዚህ በሽታ ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ ርካሽ ነው። በ1955 በፖንዲቼሪ የተመሠረተው የፈረንሳይ ተቋም ሊቃውንት በየመንደሩ እየዞሩ የታሚልን መቅደሶች ምስል ፎቶግራፍ አነሡ። በ2006 ከስሪፑራንታን መቅደስ የተሰረቀው ናታራጃ በ2008 በ5 ሚሊዮን ዶላር ወደ አውስትራልያ ብሔራዊ ጋለሪ በገባ ጊዜ ስርቆቱን የገለጠው ይኸው ፎቶግራፍ ነው፤ በ2014ም ምስሉ ተመለሰ። የመቅደሱን ንዋይ በጊዜው ቈጥሮ ያልመዘገበ ካህን ግን ከጠፋ በኋላ የእኔ ነው ቢል ምን ያስረዳል?

ሆኖም ከተመለሱት ምስሎች ብዙዎቹ ወደ መንደራቸው አልገቡም። ሌባ እንዳይደግማቸው ተፈርቶ በቲሩቫሩርና በሌሎች ስፍራዎች በተሠሩ የመንግሥት መጠበቂያ ቤቶች ተዘግቶባቸው ይቀመጣሉ። በዓል ሲሆን አይወጡም፤ በመንደራቸውም መንገድ አይዞሩም። ዳኛ ዕቃውን ለባለቤቱ ሊመልስ ይችላል፤ የተቋረጠውን ሥርዐት ግን ሊመልስ የሚችለው መንደሩ ራሱ ነው፤ እርሱም መቅደሱን የሚጠብቅ ሰውና የሚዘጋ በር ያለው እንደ ሆነ ነው።