የሕፃናት ሰውነት የተተከለን ኩላሊት አለመቀበሉን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች

የሰውነት በሽታ መከላከያ የተተከለን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ ቀድሞ ማወቅ በሕፃናት ላይ ይበልጥ አዳጋች ነው። በደም ውስጥ ያለው የክሬቲኒን መጠን ከፍ የሚለው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ የአዋቂ ኩላሊት ለትንሽ ልጅ ሲተከል ደግሞ የማጣራት አቅሙ ከልጁ ፍላጎት ስለሚበልጥ ውጤቱ ጤናማ መስሎ ሊቆይ ይችላል።

አስተማማኙ ምርመራ ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ነው። ይሁንና ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል፤ ትንንሽ ልጆችም ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ ያስፈልጋቸዋል።

በአሜሪካ በዶክተር ሚኒ ሳርዋል የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥናት፣ በደም ውስጥ የአምስት ጂኖችን እንቅስቃሴ በመለካት በሕፃናትና በወጣቶች ላይ ችግሩን መለየት እንደሚቻል አመልክቷል። ሌላው ዘዴ ከተጎዳው ኩላሊት ወደ ደም የሚገባውን የለጋሹን ዲኤንኤ መለካት ሲሆን፣ መጠኑ ከ1 በመቶ ሲበልጥ ጥርጣሬን ያሳድራል።

ሆኖም ቢኬ የተባለው ቫይረስ ኩላሊቱን ሲጎዳም ይኸው መጠን ሊጨምር ይችላል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ለአንደኛው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው መድኃኒት ይጨመራል፣ ለሌላው ይቀነሳል። በመሆኑም የደም ምርመራው ናሙና ሊወሰድለት የሚገባውን ልጅ ይጠቁማል እንጂ የናሙናውን ምርመራ አልተካም።