የቀብር ሙያ ተለማማጆች የዲሲፕሊን ደንብ በካሊፎርኒያ

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ፣ ኢምባልሚንግ የሚባለውን አስከሬን በመድኃኒት የማቆየት ሙያ የሚለማመዱ ሰዎች በመንግሥት የተመዘገቡና በሕግ የሚጠየቁ ናቸው። ግዴታቸውና ቅጣታቸው የተደነገገው በክፍለ ግዛቱ የንግድና የሙያ ሕግ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው በሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የመካነ መቃብርና የቀብር አገልግሎት ቢሮ ነው።

አመጣጥ

ሙያው በአሜሪካ የተስፋፋው ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ቤተሰቦች ከቤታቸው ርቀው የወደቁ ልጆቻቸውን አገራቸው ወስደው ለመቅበር ይሹ ነበር። ሐዘናቸውን መነገጃ ያደረጉ ሰዎች በመበራከታቸው ሠራዊቱ በ1865 ሥራውን በፈቃድ እንዲሆን አዘዘ። ከክፍለ ግዛቶች ደግሞ ቨርጂኒያ በ1894 ፈር ቀደደች።

የልምምድ ግዴታ

ተለማማጁ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላውና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ መሆን አለበት። ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር 2 ዓመት ይሠራል፤ በዚህ ጊዜም ቢያንስ 100 አስከሬኖችን በማዘጋጀት ይሳተፋል። ለብቻው መሥራት አይፈቀድለትም። አሠልጣኙም ሥራውን የመከታተል ኃላፊነት አለበት።

የሚያስጠይቁ ጥፋቶች

በሕጉ ከተዘረዘሩት ጥፋቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- አስከሬን ሲዘጋጅ፣ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ወይም ሐዘንተኞች በሚሰሙበት ቦታ ጸያፍ ቃል መናገር፤
- ሰው በሞተበት ወይም በሚያጣጥርበት ሰዓት ቤተሰቡን ለደንበኝነት ማግባባት፤
- ሌላ ሰው የተቀበረበትን ሣጥን መልሶ መጠቀም፤
- መብት ያለው ቤተሰብ ሲጠይቅ አስከሬን አለማስረከብ፤
- የሐሰት ሪፖርት ማቅረብ።

ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል የቀብር አገልግሎት ደንብም የዋጋ ዝርዝር ለደንበኛው እንዲሰጥና ሕግ የማያስገድደው ኢምባልሚንግ «ግዴታ ነው» ተብሎ እንዳይሸጥ ያዛል።

አወሳሰን

አቤቱታ ሲቀርብ ቢሮው ያጣራል። ቀላል ጥፋት በማስጠንቀቂያ ወይም በገንዘብ መቀጮ ይታለፋል። ከባድ ከሆነ ክስ ተመሥርቶ የአስተዳደር ዳኛ ይሰማዋል፤ ተከሳሹም የመከላከል መብት አለው። ውሳኔው በገደብ መሥራት፣ መታገድ ወይም ምዝገባው መሰረዝ ሊሆን ይችላል፤ የምርመራውን ወጪ መክፈልም ሊታከልበት ይችላል።

ደንቡ ለምን ያስፈልጋል

ሟች አቤት አይልም፤ ሐዘንተኛም ከተዘጋ በር ጀርባ የሚሠራውን አያይም። ቁጥጥር ሲላላ ምን እንደሚከተል ኮሎራዶ አሳይታለች። ይህች ክፍለ ግዛት ለቀብር ባለሙያዎች ፈቃድ መስጠት ካቆመች አሥርተ ዓመታት አልፈው ነበር። በ2023 በፔንሮዝ ከተማ በአንድ የቀብር ድርጅት ሕንፃ ውስጥ 190 ገደማ የፈራረሱ አስከሬኖች ተገኙ። በ2024 የወጣው ሕግ ከ2027 ጀምሮ ፈቃድን ግዴታ አድርጓል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም። በሎስ አንጀለስና በሌሎች ከተሞች ብዙ ቤተሰቦች የሟቻቸውን አስከሬን ወደ አገር ቤት ይልካሉ፤ ለጉዞው የሚያዘጋጁትም እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው። በካሊፎርኒያ በደል የደረሰበት ቤተሰብ ለቢሮው አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው።