ኀዘናቸውን ማን ይናገርላቸው? የመርሳት በሽታና የድባቴ ታሪክ



በአገራችን አንድ አረጋዊ ሲረሱና ከሰው ሲርቁ «ጃጅተዋል» ይባላል። ይህ ከተባለ በኋላ «አዝነው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ልማዱ ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ የአውሮፓ የአእምሮ ሕክምናም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአረጋውያንን የአእምሮ ሕመም በአመዛኙ ከአንጎል እርጅና ይቈጥረው ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ካናወጡት አንዱ በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ማርቲን ሮት ናቸው። በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ግሬይሊንግዌል ሆስፒታል የገቡ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሕሙማን ፍጻሜያቸው ምን እንደሆነ መረመሩ። በድባቴ ከተያዙት የሚበዙት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ በእርጅና ዘመን የመርሳት በሽታ ከተያዙት ግን የሚበዙት በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተዋል። ሁለቱ አንድ ሕመም እንዳልሆኑ በዚህ ታወቀ። በ1961 ደግሞ ሌስሊ ካይሎ «ሐሰተኛ የመርሳት በሽታ» ስለሚባለው ሁኔታ ጽፈው፣ ሊድን የሚችል ሰው አይድንም ተብሎ እንዳይተው አስጠነቀቁ።

ይሁን እንጂ ልየታው የታደጋቸው ሰዎች እንዳሉ ሁሉ የዘነጋቸውም ነበሩ። ጥያቄው «ይህ ነው ወይስ ያ?» ሲሆን፣ ሁለቱም ሕመም ያደረባቸው ሰዎች ስፍራ አጡ። ሐኪሙ «ሰሞኑን ስሜትዎ እንዴት ነበር?» ቢል፣ ትናንትን የማያስታውስ ሰው ምን ይመልሳል?

በ1988 ጆርጅ አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት፣ 19 ነጥቦች ያሉት የኮርኔል መመዘኛ ለዚህ ችግር መልስ ፈለገ። ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚውንም ይጠይቃል፤ እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ ብስጭቱን፣ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ኀዘን። ቃል ላጠረው ሰው አብሮት የሚኖረው ምስክር ሆነለት።

ማወቅ ግን ማዳን አይደለም። በ2011 ሱቤ ባነርጂና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ 326 ሕሙማንን ይዘው ያካሄዱት ጥናት ሲታተም፣ ሰርትራሊንና ሚርታዛፒን የተባሉት የድባቴ መድኃኒቶች ምንም መድኃኒት ከሌለው ክኒን የተሻለ ውጤት አላሳዩም። በሦስቱም ወገን የነበሩት ሕሙማን ግን ድባቴያቸው ቀንሶ ነበር።

እንግዲህ ይህ ታሪክ የመድኃኒት ድል ታሪክ አይደለም፤ የጥያቄ መታረም ታሪክ ነው። ነገ በየሕክምና ክፍሉ የምትቀመጡ ተማሪዎች፣ «ጃጅተዋል» የሚል ቤተሰብ ሲመጣላችሁ ቃሉን እንደ ምርመራ ውጤት አትቀበሉት። «በሌሊት ይተኛሉ? ይበላሉ? ያለቅሳሉ?» ብላችሁ አስታማሚውን ጠይቁ፤ ከዚያም ወደ አረጋዊው ዞራችሁ እርሳቸውንም ጠይቁ።