ጋፋትና የብርዱ ሞተር

እኛ ደብረ ማርቆስ የምንማር ሰዎች ብርድ እናውቃለን ባዮች ነን። የጮቄ ነፋስ ሌሊት መኝታ ክፍል ሲገባ ጋቢ ደርበን «ከዚህ የባሰ የት አለ?» እንባባላለን። አለ እንጂ! ኦክስጅን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ፣ ሃይድሮጅን ደግሞ 253 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ክራዮጀኒክ የሚባለው የሮኬት ሞተር የሚያቃጥለው እነዚህን ሁለቱን ነው። በአንድ ወገን ይህ ሁሉ ብርድ፣ እዚያው አጠገቡ ብረት የሚያቀልጥ እሳት። የሥራው ጭንቅ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰለን። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ዌንቻንግ ስትመጥቅ፣ የተሸከማት የሎንግ ማርች 8 ሮኬት ሁለተኛ ክፍል የሚነዳው በዚሁ ዓይነት ሞተር ነበር። ሳተላይቷ የኛ፣ ሞተሩ የሰው።

ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ ጋፋት ትዝ ይለዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ በጊዜው መልስ አጣ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ግን ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ተደገመ፤ በመጨረሻ ሴባስቶፖል ተሠራ። በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። በ1868 ንጉሡ ሲሞቱ ሥራውም አብሮ ቆመ።

ሕንድም በሯ ተዘግቶባት ነበር። ይህን ዕውቀት ከሩሲያ ለመግዛት ብትዋዋል፣ «ለሚሳይል ይውላል» ስትል አሜሪካ በ1992 ማዕቀብ ጣለች። ሩሲያም በ1993 ዕውቀቱን ከልክላ ሞተሩን ብቻ ለመሸጥ ተስማማች። ሕንዶቹ ታዲያ የራሳቸውን መሥራት ያዙ። በ2010 ሞከሩት፤ ሮኬቱ ባሕር ገባ። የወደቀበትን ምክንያት መርምረው በ2014 ተሳካላቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ባለሥልጣን ተለዋወጠ፣ መሐንዲስ ጡረታ ወጣ፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ይመስለናል። ጋፋት በአንድ ሰው ቁጭት ቆመ፣ ከሰውየው ጋር ወደቀ። ስለ ሙከራው የምናውቀውም አብዛኛው ሚሲዮናውያኑ ከጻፉት ነው፤ አብሯቸው ወናፍ ሲነፋ የከረመው የአገራችን ሰው ምን እንደ ተማረ ብዙም አልተጻፈልንም። ሞተሩን የምህንድስና ጓደኞቻችን ይሞክሩት። ሲከሽፍም ሲሳካም በራሳችን ቋንቋ መዝግቦ ማኖር ግን የኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ዕዳ ነው። ያለዚያ የሚመጣው ትውልድ ደግሞ ከጋፋት ይጀምራል።