ሰው የሸሸው ጭቃ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ምኞቱ የታወቀ ነው። ብሎኬት፣ ብረት፣ ሰፋፊ መስታወት፣ አቅም ከፈቀደ ጂ ፕላስ አንድ። እዚህ ከተማ መሬት ያለው ሰው ተነስቶ «እኔ ቤቴን በጭቃ ነው የምሠራው» ቢል ጎረቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኪሱን ነው፤ ቀጥሎ ጤንነቱን።

ከተማዋ ራሷ ግን ከጭቃ የወጣች ናት። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ድንኳንና የሣር ክዳን ጎጆ የሞላባት ሰፈር ነበረች። ያኔ ያስቸገረው እንጨት ነው። በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ሲያልቅ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር እስከመታሰብ ተደርሶ ነበር። ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሲቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባና የቆርቆሮ ክዳን ማምጣት ቀለለ። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ቤት ቀመር ተገኘ ማለት ይቻላል፤ ግንዱ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከሕንድና ከአርመን የመጡ አናጺዎች ያስጌጧቸው፣ ባለ እንጨት በረንዳ የመኳንንት ቤቶች እንኳ ብዙዎቹ ከድንጋዩና ከእንጨቱ ጋር ጭቃ አለባቸው።

ጭቃ ግን እንዲሁ አፈር በውሃ ማለት አይደለም። አማርኛ ለእንጀራ ሊጥም ለግድግዳ ጭቃም የሚጠቀመው በአንድ ግስ ነው፤ ሁለቱም ይቦካሉ። መሬቱ ተቆፍሮ ጉድጓድ ይበጃል፣ አፈሩ ይከመራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል። ከዚያ ሱሪን እስከ ጉልበት ሰብስቦ መርገጥ ነው። ተረግጦ ለቀናት ይተዋል፤ ጭዱ በስብሶ ከአፈሩ ጋር እስኪያያዝና ሽታው እስኪለወጥ። ጥቁር መረሬ አይመረጥም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ይሻላል። የቦካው ጭቃ በማገሩ መሃል በመዳፍ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርግ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ማንም አይደነግጥም፤ ስንጥቁ ለሁለተኛው ምርግ መያዣ ነው። የመጨረሻው ልስን ነው፤ በወንፊት የተነፋ አፈር፣ አንዳንድ ቦታ አመድ ወይም እበት የተቀላቀለበት። በብዙ ገጠር ልስን የሴቶች እጅ ነው፤ የመዳፋቸው አሻራ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጥበብ እንዴት የድህነት ምልክት ሆነ? አንዱ መልስ ያለው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ውስጥ ነው። ደርግ ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፣ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ብር ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ስለቆየ ቤቱን የሚያድስበት ገንዘብ አልነበረም። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ አያፈስም፣ ቀበሌውም የለውም። ቆርቆሮው ዛገ፣ ዝናብ በግድግዳው ወረደ፣ ከታች ጎርፍ መሠረቱን በላው። ለዚህ ሁሉ የተወቀሰው ጭቃው ነው። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የጣራና የፍሳሽ ነበር፤ የጭቃ ዋና ጠላቱ ውሃ ነው፣ ከላይና ከታች ውሃ ከተከለከለ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ሲስፋፋ ግን «ጭቃ ቤት» የሚለው ቃል በራሱ የሚያዝኑለት ሆኖ ቀረ።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና አንትሮፖሎጂስቷና ኩሬተሯ መስከረም አሰግድ ጭቃን የመረጡት ጭቃ እንዲህ በሚናቅበት ዘመን ነው። ኤልያስ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ነው። ቁልፍ፣ ክር፣ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር አንጀት ከመርካቶ እየለቀመ ሥዕል የሚያደርግ ስለሆነ፣ ሌላው የጣለውን ማንሳት ለእሱ ልማድ ነው። ከመስከረም ጋር በአገሪቱ ገጠሮች ተዘዋውረው ጥንታዊ ሥርዓቶችንና የአሠራር ስልቶችን ሲያጠኑ ቆይተዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከልን መሠረቱ። ኤልያስ የማዕከሉን ቤት በጭቃና በጭድ ሠራው። ድፍረቱ አዲስ ነገር መፍጠር አልነበረም፤ ከተማው ሁሉ በደስታ ከሚሰናበተው ነገር ጋር መቅረት ነው የከበደው።

ከዚያ ሰፋ ያለው ሕልም መጣ። መካኒሳ አካባቢ የተበከለ፣ ቆሻሻ የበዛበት መሬት ነበር። እሱን አጽድተው፣ አትክልት ተክለው፣ ድንጋይ እየገጣጠሙ መንገድ አወጡለትና ዞማ ሙዚየምን በ2019 እ.ኤ.አ. ከፈቱ። ግድግዳዎቹ የጭቃ ናቸው፤ ግን ማንም የቀበሌ ቤት አይላቸውም። ጭቃው ላይ በእጅ የተሠሩ ክቦችና ሞገዶች እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ፣ ፀሐይ ስታዘነብል ጥላቸው ይረዝማል። ከሩቅ የተጠለፈ ጨርቅ ይመስላሉ። ቅጥር ግቢው ውስጥ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ፣ ላሞችም አሉ። ሙዚየም ውስጥ ላም ማግኘት ለጎብኚው ይገርመዋል፤ እበት ለልስን ይውላልና ጭቃ ሠርቶ ላም አለመያዝ ግን የበለጠ ይገርም ነበር።

በዚያው ዓመት የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለኤልያስ ሽልማት ሰጠው። ሁለቱ ባልደረቦች ደግሞ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ አንድነት ፓርክ ውስጥ የአትክልት ስፍራ እንዲሠሩ ተጠሩ። የጭቃ ሰዎቹ ከተማዋ ዙሪያውን ወዳደገችበት ግቢ ገቡ።

የዚህ ጽሑፍ አንባቢ በመካኒሳ በኩል ካለፈ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀት ቆሞ ይመልከት። ጭዱ አሁንም እዚያው አለ፤ ወርቃማ፣ ቀጭን፣ በጣት የሚዳሰስ።