ያዘዘ ይጠየቃልን? ከዩጎዝላቪያ መፍረስ በኋላ የመሪዎችና የጦር አዛዦች ፍርድ



በዚህች የመስጊዳችን መታሰቢያ መጽሔት ውስጥ ስለ ሩቅ አገር የሚናገር ጽሑፍ ስታገኙ ትገረሙ ይሆናል። ነገሩን የምጀምረው ከመስጊድ ስለሆነ ግን ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቦስንያ ሰሜናዊ ምዕራብ ባንያ ሉካ የምትባል ከተማ አለች። በዚህች ከተማ በኦቶማኖች ዘመን ፈርሃድ ፓሻ ሶኮሎቪች የተባለው ገዥ በ1579 ያሠራው ፈርሃዲያ የሚባል መስጊድ ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በላይ አዛን ሲወጣበት፣ ጀመዓው ሲሰግድበት ከኖረ በኋላ ሜይ 7 ቀን 1993 ሊነጋጋ ሲል በፈንጂ ተናደ። ፍርስራሹም በመኪና እየተጫነ ከከተማው ውጭ ተጣለ። በጦርነቱ ዘመን የባንያ ሉካ 16 መስጊዶች በሙሉ የጠፉት በዚህ ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በባንያ ሉካ ከተማ ውስጥ ውጊያ አልነበረም። ከተማይቱ ከጦርነቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ በቦስንያ ሰርቦች አስተዳደር ሥር ነበረች። ስለዚህ መስጊዱን የመታው የተሳሳተ መድፍ ነው ማለት አይቻልም። ያን ያህል ፈንጂ ተሸክሞ በሰላማዊ ከተማ መካከል ማጥመድ፣ ከዚያም ፍርስራሹን በመኪና ማጋዝ ባለሥልጣን ሳያውቀው የሚሠራ ሥራ ነውን? እንግዲያው ተጠያቂው ክብሪቱን የጫረው ሰው ብቻ ነው ወይስ በቢሮ ተቀምጦ ያዘዘው፣ አልያም እያየ ዝም ያለው? የዩጎዝላቪያ መሪዎች ፍርድ ታሪክ በሙሉ በዚህች ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

ዩጎዝላቪያ ስድስት ሪፑብሊኮች ያሏት አገር ነበረች። ለረጅም ዘመን የገዛት ማርሻል ቲቶ በ1980 ከሞተ በኋላ ኢኮኖሚዋ ተዳከመ፣ በየሪፑብሊኩም የብሔር ፖለቲካ የሚሰብኩ መሪዎች ተነሡ። ከእነርሱ ዋነኛው በሰርቢያ ሥልጣን የያዘው ስሎቦዳን ሚሎሶቪች ነበር። ጁን 25 ቀን 1991 ስሎቬንያና ክሮኤሽያ ነፃነታቸውን አወጁ። የቦስንያ ሕዝብም በ1992 መጀመሪያ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ፣ አብዛኞቹ ሰርቦች ባይሳተፉበትም፣ ነፃነትን መረጠ። በአፕሪል ጦርነቱ ተጀመረ። የዩጎዝላቪያ ሠራዊት መሣሪያና መኮንኖች ለቦስንያ ሰርቦች ጦር ሲተርፉ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1991 በመላ ዩጎዝላቪያ ላይ የጣለው የመሣሪያ ማዕቀብ ግን የሳራዬቮን መንግሥት ባዶ እጁን አስቀረው። የቦስንያ ሰርቦች የፖለቲካ መሪ ራዶቫን ካራዲች፣ የጦራቸው አዛዥ ደግሞ ጄኔራል ራትኮ ምላዲች ነበሩ። ሳራዬቮ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀረው ድረስ ተከበበች። በቦስንያ ጦርነት ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ ከሲቪሎቹ ሟቾች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ።

የጸጥታው ምክር ቤት የዩጎዝላቪያን የጦር ወንጀለኞች የሚዳኝ ፍርድ ቤት ያቋቋመው ሜይ 25 ቀን 1993 ነው። ፈርሃዲያ ከፈረሰ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ በፍርድ ቤቱ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር። ጦርነቱን ማስቆም ያልፈለጉ ኃያላን መንግሥታት ለታይታ ያቆሙት ነው ተባለ፤ ይህም ሐሜት ብቻ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በኔዘርላንድ በሔግ ከተማ ሲቀመጥ የራሱ ፖሊስ አልነበረውም። ይሁን እንጂ በማቋቋሚያ ደንቡ ውስጥ ትልቅ ነገር ተጽፎለት ነበር። ርእሰ ብሔርነት ከተጠያቂነት አያድንም፤ ታዝዤ ነው ማለትም ነፃ አያወጣም። ከዚህም በላይ አንድ አለቃ የበታቾቹ ወንጀል ሊፈጽሙ መሆኑን ወይም መፈጸማቸውን እያወቀ፣ ወይም ሊያውቅ የሚችልበት ምክንያት እያለው፣ ካልከለከለና ካልቀጣ በገዛ እጁ ባይነካም ይጠየቃል።

ሕጉ ይህ ሲሆን ማስረጃው ከየት ይምጣ? አዛዥ ግደሉ ብሎ በማኅተም አይጽፍም። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ እጅግ ያስደነቀኝ ማስረጃውን የሰበሰቡት ሰዎች ትዕግሥት ነው።

የስሬብሬኒትሳን ነገር ውሰዱ። ከተማይቱ በ1993 በተባበሩት መንግሥታት ጥበቃ ሥር ያለች ቦታ ተብላ ነበር፤ የሚጠብቋትም ጥቂት መቶ የሆላንድ ወታደሮች ነበሩ። ጁላይ 11 ቀን 1995 የምላዲች ጦር ገባ። ሴቶችና ሕፃናት ፖቶቻሪ ከተባለው ስፍራ በአውቶቡስ ተጭነው ሲወሰዱ፣ ከ8,000 የሚበልጡ ወንዶችና ልጆች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገደሉ። በመጋዘን፣ በእርሻ ቦታ፣ በትምህርት ቤት እየታጎሩ ተረሸኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ገዳዮቹ በቡልዶዘር የጅምላ መቃብሮቹን እየቆፈሩ አስከሬኖቹን ወደ ሌላ ስውር ቦታ አዛወሩ። በዚህም የተነሣ የአንድ ሰው አፅም በሁለትና በሦስት መቃብር ተበታትኖ ይገኝ ነበር።

ሆኖም ያ የመደበቅ ሥራ ራሱ ምስክር ሆነባቸው። መርማሪዎች የመጀመሪያውን መቃብር አፈር፣ የጥይት ቀለህና የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ከሁለተኛው መቃብር ጋር እያመሳከሩ ከየት ወዴት እንደተጋዘ አረጋገጡ። እጅ ታስሮ፣ ዓይን ተሸፍኖ የተገኘ ሰው በውጊያ ሞተ ሊባል አይችልም። የሟቾቹ እናቶችና እኅቶችም ደማቸውን ሰጥተው በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጋ ሰው ማንነት ታወቀ። እስካሁን ከ6,700 በላይ የሚሆኑት በፖቶቻሪ ተቀብረዋል። በየዓመቱ ጁላይ 11 ቀን አዲስ የታወቁት ይቀበራሉ፤ ልጇ ቢያንስ ጥቂት አጥንት ተገኝቶለት ጀናዛ የሰገደችለት እናት እንደ ዕድለኛ ትቆጠራለች።

ሌላም አለ። በጦርነቱ ጊዜ የቦስንያ መንግሥት ሠራዊት የሬዲዮ ጠላፊዎች በተራራ ላይ ተቀምጠው የሰርብ መኮንኖችን ንግግር እያዳመጡ በደብተር ይጽፉ ነበር። እነዚያ ተራ የሚመስሉ ደብተሮች ከዓመታት በኋላ ሔግ ደርሰው የድሪና ኮር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ራዲስላቭ ክርስቲች በተከሰሰበት ችሎት ቀረቡ። ኦገስት 2 ቀን 2001 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ። በይግባኝ በ2004 ወንጀሉ ወደ መርዳት ዝቅ ብሎ ቅጣቱ ከ46 ወደ 35 ዓመት ቢቀነስም፣ በስሬብሬኒትሳ የተፈጸመው ዘር ማጥፋት መሆኑ ግን ጸና። የምላዲች የራሱ የጦርነት ማስታወሻዎችም፣ 18 ደብተሮች፣ በቤልግሬድ ከቤተሰቡ ቤት ተገኝተው ማስረጃ ሆኑ።

ስለ መስጊዶቹም የመሰከረ ሰው ነበር። አንድራሽ ሪድልማየር የተባለ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በኮሶቮና በቦስንያ እየተዘዋወረ የፈረሱ መስጊዶችን እያንዳንዳቸውን ፎቶግራፍ አነሣ፣ መዘገበ። በብዙ ቦታ መስጊዱ ከመሠረቱ ሲናድ ከጎኑ ያለው ቤት ምንም እንዳልነካው አሳየ። ይህንንም ሚሎሶቪች ፊት ለፊት ቆሞ ተናገረ። የባንያ ሉካ አካባቢ የቀውስ ኮሚቴ መሪ የነበረው ፖለቲከኛ ራዶስላቭ ብርጃኒን በ2004 የ32 ዓመት እስራት ተፈረደበት፣ በ2007 በይግባኝ ወደ 30 ተቀነሰ። ከተፈረደባቸው ወንጀሎች አንዱ የሃይማኖት ቦታዎችን ማጥፋት ነበር። ይህ ፍርድ በ1992 ስለተፈጸመው እንጂ ፈርሃዲያን በሚመለከት አለመሆኑን ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልወድም።

ሰዎቹን መያዝ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ በአሥር ሺህ የሚቆጠር የኔቶ ጦር በቦስንያ ሰፍሮ ሳለ ካራዲችና ምላዲች ለዓመታት አልተያዙም። ሚሎሶቪች በሜይ 1999 ገና በሥልጣን ላይ ሳለ ተከሰሰ። ኦክቶበር 5 ቀን 2000 ሕዝቡ ከሥልጣን አወረደው፤ ጁን 28 ቀን 2001 ወደ ሔግ ተላከ። ለሰርቢያ ገንዘብ የሚሰጡ አገሮች ጉባኤ የሚደረገው በማግሥቱ ነበር። ፍትሕ ብቻዋን ሄዳ እንዳላመጣችው ከዚህ ትረዳላችሁ። አራት ዓመት ከተከራከረ በኋላ ማርች 11 ቀን 2006 በእስር ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ፍርድ ሳይሰጥበት መዝገቡ ተዘጋ። የክሮኤሽያው ፕሬዚዳንት ቱጅማን ሳይከሰስ በ1999 ሞቷል። የቦስንያው ፕሬዚዳንት ኢዘትቤጎቪችም በ2003 ሲሞቱ ምርመራ ላይ እንደነበሩ ፍርድ ቤቱ አስታወቀ፤ ምርመራውም በሞታቸው ቆመ።

ካራዲች በ2008 ቤልግሬድ ውስጥ ጢሙን አሳድጎ፣ ስሙን ለውጦ፣ የባህል ሕክምና ዓዋቂ መስሎ ሲኖር ተያዘ። ምላዲች በ2011 ተያዘ። በዚያው ዓመት ጎራን ሐጂች ሲያዝ ከ161ዱ ተከሳሾች ያልቀረበ አልነበረም። ካራዲች በ2019 በይግባኝ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ የምላዲች የዕድሜ ልክ እስራት ደግሞ በ2021 በይግባኝ ጸናበት። ሁለቱ የሰርቢያ የጸጥታ ሹማምንት ስታኒሺችና ሲማቶቪችም በ2013 ነፃ ከተባሉ በኋላ እንደገና ተዳኝተው በ2023 እያንዳንዳቸው 15 ዓመት ተፈረደባቸው።

አሁን ደግሞ ለእኛ ሙስሊሞች መስማቱ ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ሰርቦችን ብቻ አልነበረም። በቼሌቢቺ እስር ቤት የታሰሩ ሰርቦች ላይ ለተፈጸመው ግድያና ሥቃይ በ1998 ፍርድ ተሰጥቷል፤ ከተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። የቦስንያ ሠራዊት ዋና አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ራሲም ደሊችም ከውጭ የመጡ ተዋጊዎች ያሉበት አንድ የሠራዊቱ ክፍል በምርኮኞች ላይ የፈጸመውን ጭካኔ ባለመከልከላቸውና ባለመቅጣታቸው በ2008 ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ይግባኙ ሳያልቅ በ2010 አረፉ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ተበዳይና በዳይ እንዴት እኩል ይቆጠራሉ ይላሉ። እኩል አልተቆጠሩም፤ ቅጣቱን አስተያዩ። ነገር ግን የእኛ ወገን ምርኮኛ ቢያሠቃይ ዝም በሉ የሚል ሸሪዓ የለንም። በሱረቱ ኒሳእ በነፍሳችንም ላይ ቢሆን ለሐቅ እንድንመሰክር መታዘዛችንን ከእናንተ የሚሰወር የለም። ለምላዲች የተቆረጠው ሚዛን ለደሊች ሲሆን የሚለወጥ ቢሆን ኖሮ የስሬብሬኒትሳ ፍርድ የድል አድራጊ በቀል ተብሎ በቀላሉ በተጣለ ነበር።

ጉድለቱ ብዙ ነው። የክሮኤሽያው ጄኔራል ጎቶቪና 24 ዓመት ከተፈረደበት በኋላ በ2012 ነፃ ተባለ። የዩጎዝላቪያ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው ፔሪሺችም በ2011 የተፈረደበት 27 ዓመት በ2013 ተሰረዘለት። ከቦስንያ ሰርብ መሪዎች አንዷ የነበረችው ቢልያና ፕላቭሺች ጥፋቷን አምና 11 ዓመት ተፈረደባት፤ በ2009 ተፈታ ቤልግሬድ ገባች። ዛሬም በባንያ ሉካም ሆነ በቤልግሬድ የስሬብሬኒትሳን ዘር ማጥፋት የሚክዱ ባለሥልጣናት አሉ። ፍርዱ ሰዎቹን አሰረ እንጂ የሚክዱትን አፍ አልዘጋም። ይሁንና ካጁ ዛሬ የሚከራከረው ከስም ዝርዝርና ከመቃብር ቁጥር ጋር ነው።

ወደ ፈርሃዲያ ልመልሳችሁ። ሜይ 7 ቀን 2001 የመሠረት ድንጋዩ ሊጣል ሰው ሲሰበሰብ የተቆጣ ሕዝብ ድንጋይ እየወረወረ በትኗቸው አንድ ሙስሊም በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ሙስሊሞቹ ግን አልተዉትም። ከቆሻሻ መጣያና ከውሃ ውስጥ የመስጊዱን ድንጋዮች እየለቀሙ ሰበሰቡ፤ ባለሙያዎች እያንዳንዱ ድንጋይ የት ቦታ እንደነበረ አጠኑ፤ የጎደለውንም በአሮጌው ዘዴ እየጠረቡ ሞሉ። መስጊዱ በፈረሰ በሃያ ሦስተኛ ዓመቱ፣ ሜይ 7 ቀን 2016፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በተገኘበት ተከፈተ። ከሚናራውም አዛን ወጣ።