ፊትዝሮይ፤ የአንድ የሜልበርን ሠፈር ታሪክና ጠባይ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ጨዋታ የተካፈለችው በ1956 ዓ. ም. በአውስትራልያ በሜልበርን ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ከዚያም ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን በስደት ሄደው የተቀመጡባት ስለ ሆነች የከተማይቱ ስም ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከከተማይቱ ሠፈሮች አንዱን፣ ፊትዝሮይን፣ መመርመር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ሠፈር የተጎሳቆለ ነው ተብሎ ሲፈረድበት፣ ፍርዱ የሚሰጠው በግድግዳው ላይ ነው ወይስ በውስጡ በሚኖረው ሰው ላይ?

የፊትዝሮይ መሬት ከጥንት ጀምሮ ከኩሊን ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዉሩንጄሪ ሕዝብ ርስት ነበረ። በ1835 ዓ. ም. ጆን ባትማን የተባለ ሰፋሪ ከሽማግሎቻቸው ጋራ የመሬት ውል ተዋውያለሁ አለ፤ ዳሩ ግን በሲድኒ የተቀመጠው የእንግሊዝ አገረ ገዥ መሬቱ ሁሉ የዘውዱ ነው በማለት በዚያው ዓመት ውሉን ሻረው። በዚህም ባለ ርስቶቹ በገዛ አገራቸው መብት እንደሌላቸው ሆነው ተቈጠሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1839 ዓ. ም.፣ ከከተማው ወሰን ወጣ ብሎ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው መሬት በሐራጅ መሸጥ ጀመረ። እንዲህ ሆኖ ፊትዝሮይ የሜልበርን የመጀመሪያው የዳር ሠፈር ሆነ። ሰፋፊውን መሬት የገዙት ሰዎች ለመኖር ሳይሆን ለትርፍ ስለ ነበረ፣ እየቈራረሱ ያለ አንዳች ፕላን ሸጡት፤ እስከ ዛሬ የሚታዩት ጠባብ መንገዶችና መተላለፊያዎች የመጡት ከዚህ ነው። በ1851 ዓ. ም. በቪክቶርያ ክፍለ አገር ወርቅ በተገኘ ጊዜ የሕዝቡ ቍጥር በድንገት በዛ፤ ቤቶቹም ተጠጋግተው ተሠሩ። ስሙን ከአገረ ገዥው ከሰር ቻርልስ ፊትዝሮይ ያገኘው ይህ ሠፈር በ1858 ዓ. ም. ከሜልበርን ተለይቶ የራሱን ማዘጋጃ ቤት አቋቋመ።

በዚያን ዘመን ሀብታምና ድኻ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በኒኮልሰን ጐዳና ላይ ከጥቍር ሰማያዊ ድንጋይ በአንድ ተርታ የተሠሩት የባለጸጎች ቤቶች ከሠራተኛው ትንንሽ ቤቶች የሚርቁት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ነገር ግን በ1893 ዓ. ም. የሜልበርን ባንኮች በወደቁ ጊዜ ንግዱ ተበላሸ፤ ባለጸጎቹም ወደ አዳዲስ ሠፈሮች እየሄዱ ታላላቅ ቤቶቻቸው ክፍል ለክፍል የሚከራዩ ሆኑ። ፊትዝሮይም የፋብሪካ ሠራተኛ ሠፈር ሆነ። ከፋብሪካዎቹም የታወቀው የማክፈርሰን ሮበርትሰን ነው፤ ይህ ሰው በ1880 ዓ. ም. በቤቱ የመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከረሜላ መሥራት ጀምሮ በኋላ ታላቅ የቸኮላታ ፋብሪካ አቋቁሟል።

በ1930ዎቹ ዓመታት ሥራ አጥነት በበረታ ጊዜ የሠፈሩ ድኽነት ለዓይን የሚከብድ ሆነ። ጄራርድ ተከር የተባሉ ቄስ የመሠረቱት የቅዱስ ሎውረንስ የወንድማማች ማኅበር በ1933 ዓ. ም. ወደ ፊትዝሮይ መጥቶ ችግረኞችን መርዳት ጀመረ። ኦስዋልድ ባርኔት የተባለ የሒሳብ ዐዋቂም የሜልበርንን የድኻ ቤቶች ፎቶግራፍ እያነሣ ለሕዝብና ለመንግሥት አሳየ። ከዚህም የተነሣ በ1938 ዓ. ም. የቪክቶርያ የቤቶች ኮሚሽን ተቋቋመ። የእነዚህ ሰዎች አሳብ ቅን እንደ ነበረ መካድ አይገባም፤ ብዙዎቹ ቤቶች በእውነት እርጥብና ጨለማ፣ ለጤናም የማይስማሙ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ግድግዳውን የመረመሩት ሰዎች ያልለኩት ሌላ ነገር ነበረ። በ1939 ዓ. ም. በመሪ ወንዝ ዳር ካለው ከከመረጉንጃ ሰፈራ የነበሩ ነባር የአገሩ ተወላጆች ግፉን በመቃወም ሰፈራውን ለቀው ወጡ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ኪራይ ወደሚረክስበት ወደ ፊትዝሮይ መጡ። ከዚያው ሰፈራ የተወለደውና ለፊትዝሮይ ቡድን ኳስ የተጫወተው ዳግ ኒኮልስ በ1943 ዓ. ም. በጎር ጐዳና ላይ ለወገኖቹ የጸሎት ቤት መምራት ጀመረ። ይኸው ሰው በኋላ የሰር ማዕርግ በማግኘት ከአገሩ ተወላጆች የመጀመሪያው ሲሆን፣ በ1976 ዓ. ም. የደቡብ አውስትራልያ አገረ ገዥ ሆኗል። በ1973 ዓ. ም. ደግሞ ተወላጆቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የጤና አገልግሎት በገርትሩድ ጐዳና ተከፈተ። መሬታቸውን ያጡት ሕዝቦች በዚሁ ሠፈር የመብታቸውን ተቋም መሠረቱ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ኢጣልያኖችና ግሪኮችም እንዲሁ ሱቃቸውንና ማኅበራቸውን በዚያው አቆሙ። በ1950ዎቹ ዓመታት በሕዝቡ መዋኛ ግድግዳ ላይ የኢጣልያኖችን ልጆች ለማስጠንቀቅ «ጥልቅ ውኃ» የሚል ጽሑፍ በኢጣልያንኛ ተጻፈ፤ ከመጀመሪያው ቃል አንድ ፊደል ጎድሏል። ስሕተቱ ሳይታረም ጽሑፉ ዛሬ እንደ ቅርስ ይጠበቃል። ፊትዝሮይ ከጎረቤት ሠፈሮች ጋራ ተጠቃልሎ የያራ ከተማ በሆነበት በ1994 ዓ. ም. መዋኛው እንዲዘጋ ቢወሰን፣ ሕዝቡ ተቃውሞ አስከፈተው።

በ1960ዎቹ ዓመታት ኮሚሽኑ የድንጋይና የጡብ ቤቶቹን አፍርሶ አተርተን ጋርደንስ በተባለው ቦታ አራት ባለ 20 ፎቅ ሕንጻዎች አቆመ፤ ሥራውም በ1971 ዓ. ም. አለቀ። አዲሶቹ ቤቶች ንጹሕ ውኃና ብርሃን ነበራቸው፤ በፈረሱት ቤቶች ይኖር የነበረው ጉርብትና ግን ተበተነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፊትዝሮይና የካርልተን ነዋሪዎች ማኅበራት አጥብቀው በመቃወማቸው ማፍረሱ ቆመ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለተነሣው ጥያቄ ታላቅ ምስክር ነው። ሳይፈርሱ የቀሩት ትንንሽ ቤቶች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሸጡ፣ በቅርስ ሕግም የሚጠበቁ ናቸው። ያው ቤት ድኻ ሲኖርበት የሚፈርስ፣ ባለ ገንዘብ ሲገባበት ግን የሚከበር ከሆነ፣ ጉድለቱ በግድግዳው ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

በሕንጻዎቹም ውስጥ አዲስ ጉርብትና ተፈጠረ። ከቬትናም ጦርነት በኋላ ቬትናማውያን፣ ቀጥሎም ከአፍሪካ ቀንድ ሶማሌዎች፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን በመንግሥት ኪራይ ቤቶቹ ገቡ። ዳሩ ግን በ2023 ዓ. ም. የቪክቶርያ መንግሥት በሜልበርን ያሉት 44 ረጃጅም የኪራይ ሕንጻዎች አርጅተዋል፣ ለዘመኑ ኑሮም አይስማሙም በማለት እስከ 2051 ዓ. ም. ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ለመሥራት መወሰኑን አስታወቀ። የአተርተን ጋርደንስ ሕንጻዎችም ከእነዚህ መካከል ናቸው።

የሕንጻ ዕድሜ ማለቁ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነዋሪዎቹም ሊመለሱ እንደሚችሉ ተነግሯል። ነገር ግን የፊትዝሮይ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ኮሚሽኑ ሲያፈርስ የቈጠረው ቤቱን እንጂ የተበተነውን ጉርብትና አልነበረም። ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት፣ ለእንግዳ ቋንቋ የሚያስተረጕም ወዳጅ፣ ሐዘን ሲደርስ የሚሰበሰብ ማኅበር በመሐንዲስ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ የአሁኑ ውሳኔ ከቀድሞው የተሻለ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በሚቆሙት ፎቆች ቍጥር ሳይሆን፣ ወደዚያው ቦታ በሚመለሱት ቤተ ሰቦች ቍጥር ነው።